አመዳይ ለብሶ ያልተዘጋው ቧንቧ፦ የማሞቂያ መስመርን በበረዶ ውታፍ ዘግቶ የመጠገን የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የገጠመን ብርዱ በበረታበት ወቅት፣ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ አሮጌ የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሕንፃው የሚሞቀው በአንድ ቦይለር ሲሆን፣ ቦይለሩ ያሞቀው ውሃ በፓምፕ እየተገፋ በቋሚ መስመሮች ወደ ላይ ይወጣል፤ በየቤቱ ያሉትን ራዲያተሮች ካሞቀ በኋላም በመመለሻ መስመሮች ይወርዳል። ከመመለሻ መስመሮቹ አንደኛው፣ የውስጥ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አንድ ኢንች ከሩብ የብረት ቧንቧ፣ ከላይ ወርዶ ወደ ዋናው ሰብሳቢ ቧንቧ በሚታጠፍበት ጎሚቶ ላይ ያንጠባጥብ ነበር። የጎሚቶው ጥርስ (ከቧንቧው ጋር የሚጠመድበት ጠመዝማዛ) ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ስለነበር፣ በመጀመሪያው ሳምንት በጠብታ የጀመረው ፍሳሽ እኛ በተጠራንበት ቀን ቀጭን ክር የሚያህል ሆኖ አገኘነው።

እንዲህ ያለ ብልሽት በተለመደው መንገድ ሲጠገን በግራና በቀኝ ያሉት ቫልቮች ተዘግተው፣ በመካከል ያለው ውሃ ተለቅቆ፣ የተበላሸው ክፍል ተፈቶ በአዲስ ይተካል። እዚህ ግን ከሰብሳቢው ቧንቧ አጠገብ ያለው ጌት ቫልቭ እጀታው ያለ ማቋረጥ የሚዞር፣ ዳሩ ግን ውስጡ ያለው መዝጊያ ከዘንጉ ተላቅቆ ከቦታው የማይነቃነቅ ሆኖ ተገኘ። በዚያው መስመር የመውጫ በኩል፣ ማለትም ውሃው ወደ ላይ በሚወጣበት ቧንቧ ላይ፣ ያለው ቫልቭ ደግሞ ይዘጋል፤ ነገር ግን ውሃውን ሙሉ በሙሉ አይቆርጥም። ከጎሚቶው በላይ አምስት ፎቅ ሙሉ ውሃ ተሰቅሏል፤ በመመለሻው ላይ ደግሞ ከላይ ሊዘጋ የሚችል አንድም ቫልቭ የለም።

ስለዚህ የቀረው ምርጫ ሁለት ነበር። አንደኛው የሕንፃውን ማሞቂያ ውሃ በሙሉ፣ ወደ 1,200 ሊትር የሚሆነውን፣ ማፍሰስ ነው። ይህ የቀን ሥራን ከመውሰዱም በላይ ሌላ ጉዳት አለው። በማሞቂያ መስመር ውስጥ ለዓመታት ሲዞር የኖረ ውሃ በውስጡ የነበረውን ኦክስጅን ጨርሶ የረጋ ውሃ ነው፤ ዝገት መከላከያ መድኃኒትም ተቀላቅሎበታል። እርሱ ፈስሶ አዲስ ውሃ ሲገባ አዲስ ኦክስጅን አብሮ ይገባና የብረቱን ውስጥ እንደገና መብላት ይጀምራል፤ የተነሣው ዝቃጭ ራዲያተር ይደፍናል፤ ከላይ ፎቆች የሚታሰረውን አየር ለማስወጣትም በየቤቱ መግባት ግድ ይሆናል። ሁለተኛው ምርጫ ውሃው ባለበት እንዲቆይ አድርጎ፣ ከጎሚቶው በሁለቱም ወገን ቧንቧውን ከውጭ በማቀዝቀዝ በውስጡ የበረዶ ውታፍ መፍጠርና ያንን ውታፍ እንደ ጊዜያዊ ቫልቭ መጠቀም ነው። እኛ የመረጥነው ይህንን ነው፤ ዛሬም ቢሆን በዚያ ሁኔታ ትክክለኛው ምርጫ እርሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተሳሳትነው በምርጫው ሳይሆን በአፈጻጸሙ ነው፤ ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ያ ስሕተት ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቧንቧን በበረዶ ለመዝጋት በሥራ ላይ የሚውሉት ዘዴዎች የሚለያዩት ቅዝቃዜውን በሚያመጡበት መንገድ ነው። ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር በቱቦ ተስቦ በቧንቧው ዙሪያ በታሰረ ሽፋን ውስጥ ሲለቀቅ ወደ ደረቅ በረዶ ይለወጣል፤ ሙቀቱም ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይደርሳል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዚያም እጅግ ይልቃል፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህም በጣም ሰፋፊ ለሆኑ ቧንቧዎች ይመረጣል። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሲሆን፣ እንደ ቤት ማቀዝቀዣ በኮምፕረሰር ጋዝ እያዞረ፣ በሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ጫፍ ላይ ያሉ መቆንጠጫዎችን ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። እኛ የያዝነው ይህንን ሦስተኛውን ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈጣን ቢሆንም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተኝቶ ኦክስጅንን ያፈናቅላል፤ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ተንበርክኮ ለሚሠራ ሰው ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ናይትሮጅን ደግሞ ማፈኑ እንዳለ ሆኖ፣ ተራ ብረትን ቅዝቃዜው ተሰባሪ ስለሚያደርገው፣ ዝገት የበላውን አሮጌ ቧንቧ ለእርሱ ማጋለጥ አልፈለግንም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዘገምተኛ ነው፤ ግን አየር አይበክልም፣ ሲሊንደሩ አለቀ ብሎ በሥራ መሃል አይከዳም፣ ጥገናው የቱንም ያህል ቢረዝም ውታፉን ይጠብቃል፤ መብራት እስካልጠፋ ድረስ ማለት ነው።

ቦይለሩን በማለዳ አጠፋነው። የሕንፃው ተቆጣጣሪ የውሃ ማዞሪያውን ፓምፕ በአጠገቡ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋ፤ የፓምፑ መብራትም መጥፋቱን ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ የቧንቧውን ሙቀት በሚቆነጠጥ ቴርሞሜትር ለካን፤ 38 ዲግሪ ነበር። ቧንቧው ከ25 ዲግሪ በታች እስኪወርድ መጠበቅ እንደሚሻል አውቃለሁ። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ብርድ ላይ ነበሩ፤ ከነዋሪዎቹም መካከል አራስ ሕፃን እንዳለ ተነግሮን ነበር። ስለዚህ በ38 ዲግሪ ጀመርን።

ከጎሚቶው 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ በቋሚው ቧንቧ ላይ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ወደ ሰብሳቢው በተኛው ቧንቧ ላይ ሁለት ቦታ መርጠን፣ ቀለሙንና ዝገቱን በብረት ብሩሽ እያፋቅን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አጸዳነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ ሆኖም በመቆንጠጫውና በብረቱ መካከል የሚቀር ቀለም፣ ዝገት ወይም አየር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ቅዝቃዜው እንዳይሻገር ያግዳል። ያጸዳነውን ቦታ በውሃ አርጥበን መቆንጠጫዎቹን አጥብቀን አሰርን፤ እርጥበቱ ወዲያው ሲቀዘቅዝ ክፍተቱን ሞልቶ ብረትን ከብረት ያጣብቃል። የተበላሸውንም ጌት ቫልቭ ባለበት ክፍት ተውነው። ይህን ያደረግነው አውቀን ነው፤ ምክንያቱንም ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኮምፕረሰሩ ከተነሣ 10 ደቂቃ ሳይሞላው በመቆንጠጫዎቹ ጠርዝ ላይ ነጭ አመዳይ ታየ። ከ30 ደቂቃ በኋላ አመዳዩ ከሁለቱም ወገን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ተንሰራፍቶ ነበር። 50 ደቂቃ ሲሆን በጥፍር ሲፈቀፈቅ እንደ ጨው የሚረግፍ ወፍራም አንገትጌ ሠራ። መሣሪያውን ለሚያውቅ ሰው ያ መልክ “ዘግቷል” የሚል መልክ ነው።

ቢሆንም ያለ ፍተሻ መፍቻ አላነሣንም፤ ያዳነንም ይህ ነው። ከጎሚቶው አጠገብ፣ ከሁለቱ መቆንጠጫዎች መካከል፣ አነስተኛ የማፍሰሻ ቧንቧ አለ። ከመክፈታችን በፊት ምን ያህል ውሃ መውጣት እንዳለበት አሰላን። 36 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቧንቧ በእያንዳንዱ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ይይዛል፤ በመቆንጠጫዎቹ መካከል ያለው ርዝመት 1.2 ሜትር ስለሆነ፣ ሁለቱም ወገን ከተዘጋ ከባልዲው ውስጥ ከ1.2 ሊትር በላይ ሊገባ አይችልም። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ማፍሰሻውን በቀስታ ከፈተ። ውሃው በግፊት ወጣ፤ ከዚያ ላላ፤ ላልቶ ግን አልቆመም። ባልዲው ላይ ያለውን መስመር እያየ “ጋሼ፣ ሁለት ሊትር አልፏል፤ አሁንም እየመጣ ነው” አለኝ። ዝጋው አልኩት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማሰብ ተገቢ ነው። በመስመሩ ውስጥ የነበረው ግፊት 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ነው። አመዳዩን ብቻ አይተን ጎሚቶውን ፈትተን ቢሆን ኖሮ፣ በአምስት ፎቅ ያለው ውሃ አንድ ኢንች ከሩብ በሆነ ቀዳዳ፣ የኤሌክትሪክ ፓነል ባለበት ምድር ቤት ውስጥ ይለቀቅ ነበር። መልሶ የሚዘጋው ቫልቭም አልነበረም።

ለምን አልተዘጋም? የመጀመሪያ ግምቴ የውሃው ሙቀት ነበር፤ ግምቱ በከፊል ትክክል ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ውታፍ በዚህ ስፋት 100 ግራም ያህል ውሃ ይፈልጋል። አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 4.2 ጁል፣ ዜሮ ዲግሪ የደረሰውን አንድ ግራም ደግሞ ወደ በረዶ ለመለወጥ 334 ጁል መውጣት አለበት። በዚህ ስሌት 100 ግራሙን ከ38 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ 16 ኪሎ ጁል፣ ለማርጋት ደግሞ 33 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ከ20 ዲግሪ ቢጀመር የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 8 ይወርዳል። እንግዲህ ትኩስ ውሃ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ነገር ግን በራሱ ሥራውን የማይቻል አያደርገውም፤ በ50 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ መጥበብ ነበረበት። ሌላ ምክንያት መኖር አለበት ማለት ነው።

ቴርሞሜትሩን ከላይኛው መቆንጠጫ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀመጥኩት። 37 ዲግሪ አነበበ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት 38 የነበረ፣ ቆሞ የሚቀዘቅዝ ነው ያልነው ቧንቧ፣ ከመቆንጠጫው አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ በአንድ ዲግሪ ብቻ ነው የወረደው። የቆመ ውሃ እንዲህ አይሆንም። ከአንድ ቦታ አዲስ ሙቀት እየመጣ ነበር ማለት ነው፤ በቧንቧ ውስጥ ሙቀት ይዞ የሚመጣው ደግሞ የሚንቀሳቀስ ውሃ ነው።

ኮምፕረሰሩን አጠፋሁት። ምድር ቤቱ ዝም ሲል ወደ ፓምፑ ሄጄ መዳፌን በገላው ላይ አሳረፍኩ። ይንቀጠቀጣል፤ በጣም በስሱ፣ የተኛ ድመት ላይ እጅ እንደማሳረፍ። ፓምፑ መንታ ነበር፤ በአንድ ገላ ውስጥ ሁለት ሞተሮች ያሉት፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው በተጠባባቂነት የሚቆይ። ተቆጣጣሪው በሥራ ላይ የነበረውን በማብሪያ ማጥፊያው ሲያጠፋ፣ የመቆጣጠሪያ ፓነሉ “አንደኛው ተበላሽቷል” ብሎ ተረዳና ሁለተኛውን በራሱ አስነሣ። ሁለተኛው ሞተር ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ መብራቱ ከቆምንበት አይታይም፤ ድምፁንም የእኛው ኮምፕረሰር ዋጠው። የመስመሩ የመውጫ ቫልቭ ተዘግቶ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ እንደማይቆርጥ ቀድሜ ጽፌአለሁ። በእርሱ ክፍተት ጥቂት ውሃ እያለፈ፣ አምስቱን ፎቅ ዞሮ፣ በሁለቱም መቆንጠጫዎቻችን ውስጥ እየተንሸራሸረ ወደ ሰብሳቢው ይገባ ነበር።

ጥቂት ውሃ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ካልታየ አይታመንም። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ፣ ማለትም ለእጅ መታጠቢያ እንኳ የማይበቃ ቀጭን ፍሰት፣ በ38 ዲግሪ በመቆንጠጫው ውስጥ ቢያልፍ፣ እርሱን ዜሮ ዲግሪ ለማድረስ ብቻ በየደቂቃው 160 ኪሎ ጁል ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ ከ2,600 ዋት በላይ ነው። በእጅ የሚያዝ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሙቀት የማውጣት አቅሙ የሚለካው ግን በጥቂት መቶ ዋቶች ነው። መሣሪያው ቀኑን ሙሉ ቢሠራም አያሸንፍም፤ ቧንቧው ላይ ግን አመዳይ ይሠራል። ምክንያቱም አመዳይ የሚሠራው በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ሲሆን፣ የሚያስፈልገውም ውጫዊው ብረት ከዜሮ በታች መውረዱ ብቻ ነው። ብረቱ ከመቆንጠጫው ጋር ተጣብቋል፤ ቅዝቃዜውን ከዚያ ያገኛል፤ በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ምን እንደሆነ አይናገርም።

ተቆጣጣሪውን አልወቀስኩትም። “እኔ እንኳ አጥፍቼዋለሁ፤ እርስዎም አይተዋል” አለኝ፤ እውነቱን ነው። ፓምፑ መንታ መሆኑን መጠየቅና ከፓነሉ መጥፋቱን ማረጋገጥ የእኔ ኃላፊነት ነበር። ይህ ስሕተት የአንድ ሕንፃ ገጠመኝ ብቻ ነው ብዬም አላስብም። በትልልቅ የማሞቂያ ሥርዓቶች ውስጥ በራሱ የሚነሣ ነገር ብዙ ነው፤ ቦይለሩ ከጠፋ በኋላ ለደቂቃዎች የሚሠራ ፓምፕ አለ፤ ብርድ ሲበረታ ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ፓምፑን በራሱ የሚያስነሣ መቆጣጠሪያ አለ። ፓምፕ በሌለበት እንኳ ከታች ያለው ውሃ ትኩስ፣ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ትኩሱ ቀልሎ እየወጣ ቀዝቃዛው ከብዶ እየወረደ ውሃው በራሱ ይዞራል። ቦይለሩ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈለገውም ለመሣሪያው ሥራ ለማቅለል ብቻ ሳይሆን ይህን ዝውውር ለማስቆም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ሙከራ በሌላ ሥርዓት ተጀመረ። ሁለቱም ሞተሮች ከፓነሉ ወደ ማጥፊያ ተዛወሩ፤ የፓነሉ ዋና ማብሪያ ማጥፊያም ተዘግቶ ቁልፉ በእኔ ኪስ ገባ። በፓምፑ ግራና ቀኝ ያሉት ቫልቮች ተዘጉ። ከዚያ ወደ ጎሚቶው ተመለስን። እስከዚያ ድረስ ማንጠባጠቡን እንደ ችግሩ ምልክት እንጂ እንደ ፍሰት አላየነውም ነበር፤ ግን እርሱም ፍሰት ነው። በደቂቃ የአንድ ሊትር አንድ ሃያኛ የሚሆን ፍሳሽ እንኳ 38 ዲግሪ ካለው ከ130 ዋት በላይ ሙቀት ያመጣል፤ ይህም ከትንሽ መሣሪያ አቅም ላይ የማይናቅ ድርሻ ነው። ጎሚቶውን በላስቲክ ጠቅልለን በብረት ማሰሪያ አጥብቀን ጠብታውን አቆምነው።

መጠበቁ ከሁሉም ከበደ። ተቆጣጣሪው ነዋሪዎቹን ዞሮ አነጋገረ፤ ሕፃኑ ላለበት ቤት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተገኘ። ከሦስት ሰዓት በላይ ጠብቀን ቧንቧው ከመቆንጠጫዎቹ ወዲያና ወዲህ እኩል 22 ዲግሪ ሲያነብ፣ ቁጥሩም ለ15 ደቂቃ ወደ ላይ ሳይመለስ ሲቀር፣ ውሃው መቆሙን አምነን ኮምፕረሰሩን አስነሣን።

በዚህኛው ጊዜ በአመዳዩ ላይ አልተማመንንም። በማፍሰሻው አፍ ላይ አነስተኛ የግፊት መለኪያ ገጠምን፤ ማፍሰሻውን ስንከፍተው መለኪያው ከመካከለኛው ክፍል ጋር ይገናኛል፣ ውሃ ግን አይወጣም። መጀመሪያ ላይ በቦይለሩ ላይ ካለው መለኪያ ጋር እኩል 2 ባር ያነብ ነበር። ሁለቱ መለኪያዎች እኩል እስከሆኑ ድረስ በመካከላቸው ክፍት መንገድ አለ። በ34ኛው ደቂቃ የእኛው መርፌ መነቃነቅ ጀመረ፤ 2.1፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 2.3፣ ከዚያም 2.6 ሆነ። የቦይለሩ ግን 2 ላይ እንዳለ ቀረ።

የዚህ ምክንያት የውሃ ተፈጥሮ ነው። ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ሁለቱ ውታፎች ከተዘጉ በኋላ ወደ ውስጥ ማደጋቸውን ስለማያቆሙ፣ በመካከላቸው የታሰረውን ውሃ ይጨምቁታል፤ ግፊቱም ይነሣል። ብዙ ሰው ቧንቧን ማቀዝቀዝ ሲባል የሚፈራው ቧንቧው ይፈነዳል ብሎ ነው፤ ፍርሃቱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ቦታው ግን ይሳታል። በብርድ ቧንቧ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በረዶው በሠራበት ነጥብ ላይ ሳይሆን፣ በበረዶውና በተዘጋ ቫልቭ መካከል መውጫ ያጣ ውሃ በሚጨመቅበት ቦታ ነው። ጌት ቫልቩን ክፍት የተውነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ታችኛው ውታፍ ወደ ሰብሳቢው የሚገፋው ውሃ በነፃነት ሄዶ ወደ መስፋፊያ ታንኩ (ውሃ ሲሰፋ ትርፉን ወደሚቀበለው ዕቃ) እንዲደርስ። መቆንጠጫዎቹንም እርስ በርስ ያላቀራረብናቸው ለዚሁ ነው፤ በመካከላቸው የሚቀረው ውሃ ባነሰ ቁጥር ጥቂት ሚሊ ሊትር በረዶ የሚያስነሣው ግፊት ይበልጣል።

የመርፌው መለያየት ግሩም ማስረጃ ነበር፤ ቢሆንም የማፍሰሻውን ፍተሻ አልዘለልነውም። ማፍሰሻውን ዘግተን መለኪያውን ነቅለን እንደገና በቀስታ ስንከፍት ውሃው አንዴ ተስፈንጥሮ ወዲያው ላላ፤ እየተንጎራጎረ አየር እየሳበ ወጣ፤ ባልዲው ውስጥ አንድ ሊትርና ጥቂት ሲሆን ወደ ጠብታ ተለወጠ፤ ከዚያ ጠብታውም ቀረ። ማፍሰሻውን ክፍት ትተን 10 ደቂቃ ጠበቅን። አንድም ጠብታ አልጨመረም። በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ውታፍ በ2 ባር ግፊት ሥር 20 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ የሚያህል ኃይል ተሸክሞ ነበር። የያዘው ከብረቱ ግድግዳ ጋር መጣበቁ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ በቧንቧው ላይ የሚደረግ ማንኛውም ሥራ ይህን እያሰቡ መሆን አለበት።

ጎሚቶውን ስንፈታ ሁለት መፍቻ ያዝን፤ አንዱ ቧንቧውን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ይፈታል። መዶሻ አልተነሣም፤ እሳትም አልቀረበም። ብየዳ በሚያስፈልግበት ሥራ ቢሆን ኖሮ መቆንጠጫዎቹን ከዚህ በጣም ማራቅ ነበረብን፤ ብረት ሙቀትን እየመራ ውታፉን ከሥሩ ያቀልጠዋልና። የዛገው ጥርስ ግን እየተፈረፈረ ስለወጣ የቧንቧውን ጫፍ ቆርጠን አዲስ ጥርስ ማውጣት ግድ ሆነ፤ ይህም የጥገናው እጅግ አስጨናቂ ክፍል ነበር፤ ጥርስ ማውጫው ሲዞር ቧንቧው እንዳይንቀጠቀጥ ወጣቱ በሙሉ ክብደቱ ይዞት ቆመ። ቧንቧዎቹ ክፍት እንደሆኑ በመጀመሪያ የገጠምነው በቋሚው ጫፍ ላይ ክፍት የሆነ ቦል ቫልቭ ነው። ክፍት የሆነበት ምክንያት፣ መብራት ቢጠፋና ውታፉ ቢለቅ፣ ቫልቩ በሚወጣው ውሃ ላይ እንኳ በቀላሉ ተጠምዶ በአንድ ሩብ ዙር እንዲዘጋ ነው። ከመጀመራችን በፊት ጥርሱን በቴፍሎን ጠቅልለን እጅ በሚደርስበት አስቀምጠነው ነበር። እርሱ ከገባ በኋላ ልባችን ረጋ። አዲሱ ጎሚቶ፣ አጭር ቧንቧና ዩኒየን (ቧንቧዎቹ ሳይዞሩ የሚጠብቅና የሚላላ መገጣጠሚያ) ተከተሉ። ከመፍታት እስከ መግጠም 55 ደቂቃ ፈጀ፤ ኮምፕረሰሩ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዴም አልቆመም።

ከጥገናው በኋላ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ይቸኮልበታል። መሣሪያውን ነቅሎ ቧንቧውን በእሳት ማሞቅ የተለመደ ፈተና ነው፤ አደገኛም ነው። በአንድ ወገን 2 ባር፣ በሌላ ወገን ባዶ አየር ካለ፣ ከግድግዳው ትንሽ የተላቀቀ ውታፍ እንደ ጥይት ተተኩሶ አዲሱን ጎሚቶ ይመታል። ስለዚህ ቦል ቫልቩ ክፍት እንዳለ፣ ከንጹሕ ውሃ መስመር በጎማ ቱቦ ወደ ማፍሰሻው ውሃ እያስገባን፣ አየሩ በዩኒየኑ በኩል እንዲወጣ ዩኒየኑን በጥቂቱ አላልተን፣ ውሃ ሲመጣ አጥብቀን፣ መካከለኛውን ክፍል እስከ 2 ባር ሞላነው። በሁለቱም ወገን ግፊቱ እኩል ከሆነ በኋላ ነው ኮምፕረሰሩ የጠፋው። ይህ አዲሱን ሥራ በግፊት ለመፈተንም ዕድል ይሰጣል፤ አንድ መገጣጠሚያ ቢያልብ ውታፎቹ ገና በቦታቸው ስላሉ ተመልሶ ማጥበቅ ይቻላል። የእኛው ዩኒየን በጥቂቱ አልቦ ነበር፤ በሩብ ዙር ደረቀ።

በረዶው በራሱ እንዲቀልጥ ተውነው። መቆንጠጫዎቹ ከቧንቧው ጋር ስለሚጣበቁ በኃይል መንቀል ቱቦዎቻቸውን ይጎዳል፤ ባዶ እጅ የነካቸውም ቆዳውን ይተውባቸዋል፤ ጓንት ያልወለቀው ለዚህ ነው። ከ40 ደቂቃ በኋላ አመዳዩ ጠፍቶ ቧንቧው ላብ አወጣ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱም ቦታዎች ከ10 ዲግሪ በላይ አነበቡ። በውስጡ የቀረ የበረዶ ቁራጭ ወደ ፓምፑ እንዳይጓዝ ፓምፑን እስከዚያ አላስነሣንም። ከዚያ ፓነሉን ከፍተን፣ አንዱን ሞተር ብቻ አስነሥተን፣ የላይኛው ፎቅ ራዲያተሮች ላይ አየር አስተንፍሰን፣ ቦይለሩን በዝቅተኛ ሙቀት ለኮስነው።

ከመስመሩ የወጣው ውሃ፣ የመጀመሪያውን ሙከራ ጨምሮ፣ 4 ሊትር አልሞላም። ጎሚቶው በማግሥቱም፣ በሳምንቱም ደረቅ ነበር። የመቆጣጠሪያ ፓነሉ በር ላይ ፓምፑ መንታ መሆኑንና ለጥገና ሲጠፋ ሁለቱም ሞተሮች ከፓነሉ መጥፋት እንዳለባቸው የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥፈናል። የተበላሸው ጌት ቫልቭ ባለበት ቆይቷል፤ ብርዱ አልፎ ማሞቂያው በማያስፈልግበት ወቅት፣ ሥርዓቱ ለእጥበት በሚፈስበት ጊዜ፣ እርሱም የመውጫው ቫልቭም በቦል ቫልቭ እንዲተኩ ለተቆጣጣሪው በጽሑፍ ሰጥተነዋል።